የኮሪያው ሩዝ፣ የሐራው ማሽላ

ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሐራ ላይ ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ ሳያባራ መሽቷል። እኛ አራት ጓደኛሞች በአንዳችን እናት ቤት ተሰብስበናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተጠበቀ ነው፤ ፈንድሻው በሰፌድ ቀርቧል፤ ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከመካከላችን አንዱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በፍላሽ ይዞት የመጣውን ፊልም ሊያሳየን ነው። «የምን ፊልም ነው?» አልነው። «የኮሪያ፤ የፖሊስ ነው» አለን። ፊታችንን አጨማደድን። የኮሪያ ሲባል ትዝ የሚለን የፍቅር ድራማ ነዋ! ሀብታም ልጅ፣ ደሃ ልጅ፣ ክፉ አማት፣ ብዙ ለቅሶ።

የጓደኛችን እናት ግን ከጀበናቸው ቀና ብለው «ኮሪያ? ቃኘው የዘመተበት አገር?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎ እማማ፣ እሱው ነው።»

ልክ ናቸው። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ከስድስት ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በየተራ ወደዚያ አገር ዘምተዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። ለእሳቸው ትውልድ ኮሪያ ማለት በረዶና ጦርነት ነው። ለእኛ ትውልድ ስልክና ድራማ ነው። በዚያች ምሽት ያየነው ኮሪያ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ጭቃ፣ የእህል ማሳ፣ ትራክተር፣ መንገድ ላይ የሚሯሯጡ ሕፃናት፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅበት ገጠር። ፊልሙ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ አንደኛው ጓደኛችን «እንዴ! ይሄ እኮ ሐራ ነው» አለ። ሳቅን። ፊልሙ ሲያልቅ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ፊልሙን የሠራው ቦንግ ጁን ሆ ነው። ዓለም በደንብ ያወቀው «ፓራሳይት» እ.ኤ.አ. በ2020 ኦስካር ሲያሸንፍ ነው፤ ይህኛውን የሠራው ግን ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። በኮሪያኛ «ሳሪኑይ ቹኦክ» ይባላል። «ሳሪን» ግድያ ማለት ነው። «ቹኦክ» ደግሞ ደረቅ ማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ያለፈን ነገር በናፍቆት መልሶ ማሰብ ነው። እንግዲህ ለዚህ ቃል አማርኛ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። «የግድያ ትዝታ» ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች በወጡበት አገር ላደግን ልጆች ትዝታ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም። ደስ የሚለውን ቃል ከግድያ ጋር ምን አገናኘው? ይህን ጥያቄ ይዘን ገባን።

ዐይኑን አይቼ አውቃለሁ

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ.። ሩዙ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። በማሳው ዳር ባለ የውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ የአንዲት ሴት ሬሳ ይገኛል። የአገሩ መርማሪ ፓርክ ይባላል፤ ሶንግ ካንግ ሆ ነው የሚጫወተው። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ያያል። አንድ ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚናገረውን ሁሉ እየደገመ ያሾፍበታል። ከዚያ ሁለተኛ ሬሳ ይገኛል። መርማሪው ቦታውን አጥሮ የእግር ዱካ ለማስጠበቅ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። ሕፃናት ይራወጣሉ፤ ሰው ከዳገቱ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በመጨረሻም አንድ ገበሬ ትራክተሩን ነድቶ ብቸኛዋን ዱካ ይደፈጥጣታል።

እዚህ ላይ ተያየን። እኛ አገር አንድ ነገር ተፈጠረ ሲባል የሚሆነውን አስቡት። መጀመሪያ የሚደርሰው ፖሊስ አይደለም፤ ሰፈሩ ነው። ማልቀስም፣ ማንሳትም፣ ማጠብም፣ መሸፈንም ወግ ነው። ሬሳን ሜዳ ላይ ትቶ «አሻራ ይነሳ» ብሎ መጠበቅ ነውር ይመስለናል። ለሟች ያለን ክብር የገዳይን ዱካ ያጠፋል። ማንም ክፉ ሳያስብ ማስረጃው ይጠፋል።

ፓርክ ለዱካ ብዙም አይጨነቅም። እሱ የሚተማመነው በዐይኑ ነው። የሰው ፊት አይቶ ወንጀለኛን እንደሚለይ ያምናል፤ የተጠርጣሪዎችን ፎቶ በደብተር ለጥፎ እያገላበጠ ያፈጥባቸዋል። አለቃው አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች ጣቢያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያሳየዋል። አንዱ ሴት የደፈረ ነው፤ ሌላው የተደፈረችው ልጅ ወንድም ነው። በል የትኛው የትኛው ነው? ይለዋል። ካሜራው ሁለቱን ያሳየናል። መልሱ አይነገረንም። እኛም ላፕቶፑን አቁመን ተወራረድን። ሁለት ለሁለት ተከፈልን።

ቡና የምታፈላው እናት ሳቁብን። «ፊት ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዳኛ ለምን ያስፈልግ ነበር ልጆቼ?» አሉ።

ፓርክ ዐይኑ ሲከዳው ወደ ጠንቋይ ይሄዳል። ጠንቋይዋ ወረቀት ትሰጠውና ቀለም አፍስሶ የገዳዩን ፊት እንዲጠብቅ ታደርገዋለች። ከሴኡል የመጣው ሌላው መርማሪ ሶ ግን የተማረ ነው፤ «ሰነድ አይዋሽም» ባይ ነው። ግድያው የሚፈጸመው በዝናባማ ሌሊት መሆኑን፣ ሬዲዮ ላይ አንድ ዘፈን በተመረጠ ቁጥር ሬሳ እንደሚገኝ የሚደርስበት የምርመራ ቡድን ነው። የፊልሙ ግማሽ በዐይን በሚያምንና በወረቀት በሚያምን ሰው መካከል ያለ ጠብ ነው።

ይህ ጠብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእኛም አገር የወንጀል ምርመራ ታሪክ አለው። «ሌባ ሻይ» የሚባለውን አያቶቻችን ያወሩታል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ይሄድና የገባበት ቤት ባለቤት፣ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው። ያ ሰው ካሣ ይከፍላል፤ አለቀ። በኋላ መንግሥት ከለከለው እንጂ ስንት ሰው በአንድ ሰካራም ሕፃን ውድቀት ቤቱ እንደፈረሰ ማን ቆጥሮት!

ሌላው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ወንጀል ሲሠራ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ሥራው አይበተንም። የሚያውቅ ሰው በስውር ይጠቁማል፤ ጠቋሚው «ወፍ» ይባል ነበር። ወንጀለኛው ካልታወቀ አገሩ ተዋጥቶ ካሣውን ይከፍላል። በአንድ በኩል ስታዩት ብልህነት ነው፤ አንድ ሰው ሲጠቃ ኃላፊነቱ የሁሉም ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ስታዩት ግን አስቡት። ሰዉ እርሻው እየጠበቀው፣ ከብቱ እየተጠማ፣ ሦስተኛ ቀኑን ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሜዳ ቶሎ ለመነሳት አንድ ስም ያስፈልጋል። ማን ይጠራል? ባለ ርስቱ? ባለ ጠመንጃው? ወይስ ዘመድ የሌለው መጻተኛ?

ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ፊልሙ የነካን።

የቪዲዮ ቤቱ ዴክ

ፊልም ማየት ያስተማሩን ቪዲዮ ቤቶች ናቸው። በዘጠናዎቹ፣ በእኛ ካላንደር ማለታችን ነው፣ በሃምሳ ሳንቲም ገብተን በአግዳሚ ወንበር ተደራርበን ነው ያደግነው። የምናውቀው ሕግ አንድ ነው፦ አክተሩ አይሞትም፤ ቦሱ መጨረሻ ላይ ይገደላል። ፊልሙ ሲያልቅ ማን ጥሩ፣ ማን መጥፎ እንደሆነ ጥርጥር የለም።

አንድ ቀን ጠዋት የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ተሰብሮ ተገኘ። ዴኩ የለም። በዚያን ጊዜ ዴክ ማለት ቀላል ንብረት አልነበረም፤ ለእኛ ለሕፃናቱ ደግሞ ሕይወታችን ነበር። ሰው ተሰበሰበ። ጎረምሶች መጡ። «ማታ እዚህ ማንን አያችሁ?» ተባልን። እኛ ስድስት ወይም ሰባት ልጆች ነበርን፤ ትልቃችን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ አክብሮ ጠይቆን አያውቅም።

ከደጋ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ውኃ በጄሪካን እየቀዳ፣ ዕቃ እየተሸከመ የሚኖር፣ ሲናገር የሚንተባተብ፤ የት እንደሚያድር በውል የማይታወቅ። ስሙን አንጽፍም። ከእኛ በአምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት ውኃ ይዞ በዚያ ሲያልፍ አይተነዋል። ከሰዓት ነው ያየነው። የተጠየቅነው ስለ ማታ ነው። አንዳችን ስሙን ጠራን። ሌሎቻችን «አዎ፣ አዎ፣ እኛም አይተነዋል» አልን። ማን ቀድሞ እንደተናገረ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በዚያች ምሽት ተከራከርንበት፤ ምናልባት ሁላችንም ስለ ተናገርን ይሆናል።

ይዘው አመጡት። እጁን ወደ ኋላ አስረው ገረፉት። እኛ ከበር ላይ ሆነን አየን። መጀመሪያ «አልወሰድኩም» አለ። ለመናገር ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅበት «አ…አ…» ሲል «ሲዋሽ ነው የሚንተባተበው» ተባለ። ትንሽ ቆይቶ «ወስጃለሁ» አለ። የት ቀበርከው? ማሽላ ውስጥ። ማሳው ድረስ ወሰዱት። ያለው ቦታ ተቆፈረ፤ ምንም የለም። ሌላ ቦታ አሳየ፤ ተቆፈረ፤ ምንም የለም። እኛ ሕፃናቱ ከኋላ እንከተል ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎናል፤ ፊልም ይመስል ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዴኩ ሌላ ከተማ ሊሸጥ ሲል ተገኘ። የወሰደው ለባለቤቱ ቅርብ የሆነ ሰው ነበር። ነገሩ በሽማግሌ በዝምታ ተያዘ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። ቪዲዮ ቤቱም ተከፈተ። ያ ልጅ ግን ከሐራ ጠፍቷል። ወደ የት እንደሄደ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። በሃምሳ ሳንቲማችን ገብተን ተቀመጥን፤ አክተሩም አልሞተም።

ፊልሙ ውስጥ ባክ ኳንግ ሆ የሚባል አእምሮው ደከም ያለ ወጣት አለ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሟችዋን ይከተላት ነበር ተባለ፤ አለቀ። ጆ የሚባለው መርማሪ ቡት ጫማውን በጨርቅ ይሸፍንና ይረግጠዋል፤ ጨርቁ ምልክት እንዳይታይ ነው። ፓርክ የልጁን ጫማ ወስዶ መሬት ላይ አሳርፎ «ዱካ ተገኘ» ይላል። የሚናገረውን ያስጠኑታል፤ ወደ ጫካ ወስደው ጉድጓድ ያስቆፍሩታል። ከዚያ ደግሞ የይቅርታ ስጦታ አዲስ ጫማ ይገዙለታል። «ናይኪ» ሳይሆን «ናይስ» የሚል አስመስሎ የተሠራ ጫማ። እኛም በገበያችን ብዙ ዓይነት «አዲዳስ» እናውቃለንና በጣም ሳቅን። ከዚህ ሁሉ መካከል አብረው ቁጭ ብለው ኑድል እየበሉ በቴሌቪዥን የፖሊስ ድራማ ያያሉ፤ መርማሪው፣ ረጋጩ፣ ተረጋጩ፣ ሁሉም በአንድ ገበታ።

የኋላ ኋላ ይህ ልጅ ገዳይ ሳይሆን ምስክር እንደነበር ይገባቸዋል። ያስጠኑት የመሰላቸው ቃል ያየው ነገር ነበር። ሊጠይቁት ሲሮጡ እሱ ከእነሱ ሸሽቶ የባቡር ሐዲድ ላይ ይወጣል። ባቡሩ ይመጣል።

ስለ ሐዲድ ስናነሳ፣ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ ባቡር መሥመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም ሲጀመር ሐራ ትልቅ መገናኛ ልትሆን ነው ተብሎ ስንት ሕልም አልመናል። ሐዲድ አይተን ባቡር ሳናይ ብዙ ዓመት ኖረናል። በፊልሙ ባቡሩ ሲመጣ ግን «ምነው በቀረ» ነው ያልነው።

መብራት የጠፋው ልክ እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረው ፊልሙ አልተቋረጠም፤ ቤቱ ግን ጨለመ። በጨለማ ውስጥ አንዳችን «ያንን ልጅ ታስታውሱታላችሁ?» አለ። ማንን ብሎ የጠየቀው የለም።

መንግሥት ራሱን ሲጠብቅ

በፊልሙ ውስጥ አንድ ሌሊት አለች። ዝናብ ይዘንባል፤ ዘፈኑ በሬዲዮ ተመርጧል፤ መርማሪዎቹ ዛሬ ሌሊት ሴት ትገደላለች ብለው አውቀዋል። ማሳውን የሚከብብ ኃይል እንዲላክ ይጠይቃሉ። መልሱ «የለም» ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ሰልፍ ለመበተን ሄዷል። ያ ዘመን የጄኔራል ቹን ዱ ሁዋን ወታደራዊ መንግሥት ዘመን ነው። ተማሪው ጎዳና ወጥቷል፤ ፖሊሱ ጎዳና ላይ ነው። የሲቪል መከላከያ ልምምድ እየተባለ በሳይረን መብራት ይጠፋል፤ መንደሩ በሩን ይዘጋል። ገዳዩ የሚፈልገው ደግሞ ጨለማና የተዘጋ በር ነው።

ጥቅምት 1986 በእኛ 1979 ዓ.ም ነው። እኛ ጋ ደርግ ነበር፤ ወሎ ከ77ቱ ድርቅ ገና እያገገመ ነበር። ሁለቱ አገሮች አይመሳሰሉም። አንድ ነገር ግን ይመሳሰላል፤ መንግሥት ራሱን በመጠበቅ ሲጠመድ ከትምህርት ቤት በማሽላ መካከል የምትመለሰውን ልጅ የሚጠብቃት የለም። ማሽላ ሲያድግ ሰው ይሰውራል። እናቶቻችን በመስከረምና በጥቅምት ልጃገረዶቹን «ሳይመሽ ግቡ፤ ብቻችሁን አትምጡ» የሚሉት ለዚህ ነው። ወንዶቹ ግን ይህን ተብለን አናውቅም። ፊልሙን ስናይ አራታችንም ወንዶች ነበርን፤ የጓደኛችን ታናሽ እህት ግን ከደጅ ብቅ ብላ ጥቂት አየችና «እኔ ይሄን ለማወቅ ፊልም አያስፈልገኝም» ብላ ሄደች። ከዚያች ምሽት ወሬ ሁሉ ይህች ናት ትክክለኛዋ።

እውነቱ ከፊልሙ ይብሳል

ታሪኩ እውነት ነው። ቦታው ሁዋሶንግ ይባላል፤ ከሴኡል በስተደቡብ። ከመስከረም 1986 እስከ ሚያዝያ 1991 እ.ኤ.አ. አሥር ሴቶችና ልጃገረዶች ተገድለዋል። በፍለጋው የተሰማራው ፖሊስ በሰው ቀን ሲቆጠር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው። የተመረመረው ሰው ከ20 ሺህ ይበልጣል። ፊልሙ በ2003 ሲወጣ ገዳዩ አልታወቀም ነበር። በኮሪያ ሕግ የይርጋው ጊዜ 15 ዓመት ስለነበር በ2006 የመጨረሻው ግድያ እንኳ በይርጋ ታገደ።

ቦንግ ጁን ሆ ፊልሙን የጨረሰው ለዚህ ሰው ነው። ዓመታት አልፈው ፓርክ ፖሊስነቱን ትቶ ነጋዴ ሆኗል። በዚያ መንገድ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ ያንን ቱቦ ጎንበስ ብሎ ያያል። አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ሌላ ሰውም በቅርቡ እንዲሁ ሲያይ እንደነበረ ትነግረዋለች፤ ድሮ እዚህ ያደረገውን ነገር አስታውሶ ነው የመጣው። ትዝታ ማለት ይኼው ነው፤ ገዳዩም ትዝታ አለው። ምን ዓይነት ፊት ነበረው? ይላታል ፓርክ። ተራ ፊት፤ እንደማንኛውም ሰው። ያኔ ፓርክ ዞሮ በቀጥታ ካሜራውን ያያል። ዳይሬክተሩ ገዳዩ ሲኒማ ቤት ገብቶ ፊልሙን ያያል፤ ያኔ ዐይን ለዐይን ይገናኛሉ ብሎ ነው ያደረገው።

ተገናኙም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 ከድሮው ማስረጃ የተወሰደ ዲ ኤን ኤ ሊ ቹን ጄ ከሚባል እስረኛ ጋር ገጠመ። ሰውየው የሚስቱን እህት ደፍሮ በመግደሉ የዕድሜ ልክ እስር ላይ ነበር። 14 ግድያዎችን አመነ። በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጠየቅ ፊልሙን እስር ቤት ውስጥ አይቶታል፤ እንደ ማንኛውም ፊልም ነው ያየው፤ የተለየ ስሜት አልሰጠውም። ቀደም ብሎ አለመያዙም ገርሞት እንደነበር ተናግሯል። ያኔ ፖሊስ ከአንድም ሁለት ሦስቴ አግኝቶት ነበር፤ የገዳዩ የደም ዓይነት ቢ ነው ብሎ ስለገመተና የእሱ ኦ ስለነበር ለቀቀው። «ሰነድ አይዋሽም» ያለው የሴኡሉ መርማሪም ተሸነፈ ማለት ነው፤ ሰነዱን የሚጽፈው ሰው ነውና።

ከሁሉ የሚያመው ግን ይህ አይደለም። ከአሥሩ ግድያዎች ስምንተኛው፣ በ1988 የተገደለችው የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ፣ «ተፈትቷል» ተብሎ ነበር። አንድ የ22 ዓመት ወጣት በ1989 ተይዞ አመነ። በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው፣ እግሩን የሚያነክስ ምስኪን ሠራተኛ ነው። እንቅልፍ ከልክለው፣ ደብድበው ነው ያሳመኑት። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። 20 ዓመት ገደማ ታስሮ በ2009 በአመክሮ ወጣ። ሊ ቹን ጄ ይህንንም ግድያ እኔ ነኝ አለ። እንደገና በታየው ችሎት ታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ነፃ ተባለ፤ ፖሊስም ይቅርታ ጠየቀ። በሃያ ሁለት ዓመቱ የገባ ሰው ነፃ ሲባል ሃምሳን አልፏል።

ይህን ስልካችን ላይ እያነበብን ሳለ ሕግ ያጠናው ጓደኛችን ከተቀመጠበት ተነሳ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው። በእኛ የወንጀል ሕግ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው 25 ዓመት ነው፤ ኮሪያውያን ደግሞ በ2015 የግድያን ይርጋ ጭራሽ አንስተውታል። «ወረቀቱ ጥሩ ነው» አለ። ዝም አለና «ያን ልጅ ስንጠቁምም ይህ ሕገ መንግሥት ነበረ» አለ።

እውነት ነው። ነበረ። እኛ አገር ደግሞ የፈረደው ፖሊስ እንኳ አልነበረም፤ ሰፈሩ ነው፤ እኛ ነን።

ነገሩ የአንድ ዴክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርናችሁ ነበር። ይህ አካባቢ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በጦርነት ውስጥ አልፏል። ከዚያ በፊትም በኋላም «ጠቋሚ» የሚለውን ቃል ሁላችንም በተለያየ ወገን ሰምተነዋል። አንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ሌላው «አዎ፣ እኔም አይቻለሁ» ይላል። ፊቱ፣ አነጋገሩ፣ የመጣበት አገር በቂ ማስረጃ ይሆናል። የሞተው ሰው ማን እንደገደለው የሚጠይቅ መዝገብ ግን አይከፈትም። ሰው በፊቱ የሚፈረድበት አገር ውስጥ እውነተኛው ገዳይ ከሁሉም በላይ በሰላም ይተኛል፤ ምክንያቱም የእሱ ፊት ተራ ነው። አባቶቻችን «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላሉ። እኛ ደግሞ ሰውን መጠርጠርም እንዲሁ በችኮላ አይሁን እንላለን።

ወሎ ላይ ደም የሚያደርቁ አበጋሮች አሉ። ገዳይ አምኖ ሲቀርብ የሟችን ቤተሰብ ለምነው፣ ካሣ አስከፍለው፣ ያስታርቃሉ። ትልቅ ወግ ነው። ግን መነሻው የገዳዩ ማመን ነው። ያላመነውን፣ ማንም ያላየውን፣ ወይም ሁሉም አብሮ የሠራውን ነገር ማን ያስታርቀው? እኛ ስድስት ሰባት ሆነን ያደረግነውን በደል ለማን ሄደን እንመን?

ዝናቡ ወደ አምስት ሰዓት አባራ። በረካው በኩራዝ ተጠጣ። ሁሉን ሲሰሙ የቆዩት የጓደኛችን እናት «ያ ልጅ የነ እንትና ቤት ውኃ ይቀዳ የነበረው ነው አይደል? እኔ እኮ ያኔ ምንም አላልኩም» አሉ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ያኔ እሳቸውም በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፤ እኛ ነን የጠቆምነው» አልን።

«እናንተማ ሕፃናት ነበራችሁ» አሉ። «እኛ ነን ትልልቆቹ።»

እንግዲህ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ኮሪያ ውስጥ ለመጥራት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀበት፤ የጠራውም ማስረጃውን አስቀምጠው ስለቆዩ ነው። እኛ ያስቀመጥነው ማስረጃ የለም፤ ያለን ትዝታ ብቻ ነው። በማግስቱ ከመካከላችን ሁለቱ የዚያን ልጅ አገር ያውቃሉ ወደተባሉ ሰዎች ዘንድ ሄድን። አንድ የቀበሌ ስም ነገሩን፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም። መንገዱ ሲደርቅ እንሄዳለን ብለናል። ብናገኘው ምን እንደምንለው እስካሁን አልተስማማንም። አንዳችን «ይቅርታ እንበለው» ይላል። ሌላው «መጀመሪያ ስሙን አጥርተን ብንጠራው ይበቃል» ይላል። እኛ የምናውቀው ስም ሰፈሩ ያወጣለት ነውና፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ጠይቀነው አናውቅም።

እስኪ እናንተም አስቡት። በሰፈራችሁ «እሱ ነው» ተብሎ የጠፋ አንድ ሰው አይጠፋም። ቸር እንሰንብት።